በሰዓት አሥራ አምስት ጊዜ

በእኛ ክሊኒክ «ታምመሻል» ሲባል እልል የሚል ሰው አለ። ተነሥቶ ዶክተሯን የሚስምም አለ። ጤነኛ ነህ የተባለው ደግሞ ለቅሶ ቤት እንደዋለ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ሥራ የገባሁ ሰሞን ይህ ነገር ይገርመኝ ነበር። አሁን የሚገርመኝ ነገር ብዙም የለም፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እግር ቆጥሬአለሁ።

አዎ፣ እግር ቆጣሪ ነኝ። በመታወቂያዬ ላይ «ሲስተር ፋናዬ ደምሴ፣ የእንቅልፍ ምርመራ ባለሙያ» ይላል፤ ሠፈሩ ግን የሚያውቀኝ በእግር ቆጣሪነቴ ነው። ሰው ይተኛል፤ እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጬ በእንቅልፍ ልቡ እግሩ ስንት ጊዜ እንደሚወራጭ እቆጥራለሁ። ማሽኑም ይቆጥራል። ነገር ግን ማሽን ብቻውን ያየው ነገር ለፈረቃ ጽሕፈት ቤት ማስረጃ አይሆንም፤ የሰው ዓይን ያስፈልጋል። አንዱ የእኔ ዓይን ነው፣ ሌላው የምስክሩ።

አያቶቻችን ውኃ በፈረቃ፣ መብራት በፈረቃ፣ ትምህርት በፈረቃ ለምደው ኖረዋል። እኛ እንቅልፍ ጨመርንበት። ከሁለት ሺህ ስድሳ ሁለቱ አዋጅ ወዲህ የከተማው ግማሽ ቀን ይተኛል፣ ግማሹ ሌሊት። መንገዱም፣ ውኃውም፣ አውቶቡሱም የሚበቃው ለግማሽ ሰው ነው። ባልና ሚስት አንድ ክፍልና አንድ ጠባብ አልጋ ይሰጣቸዋል፤ አንደኛው ሲነሣ ሌላው ይተኛበታል። በመሃል ግማሽ ሰዓት አለች፣ ርክክብ እንላታለን። ትዳር ማለት እንግዲህ ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ማታ ግማሽ ሰዓት ነው። የዕረፍት ቀን ቢሆንም ፈረቃ ፈረቃ ነው።

አንዲት ቀዳዳ ብቻ አለች። በእንቅልፍ ሕመም የተመዘገበ ሰው ሲተኛ የሚጠብቀው ያስፈልገዋል ይባልና የትዳር ጓደኛው ወደ እሱ ፈረቃ ይዛወራል። አልጋውም ይሰፋል። ይኼ የጋራ ፈረቃ ይባላል። ስለዚህ ሰው ሕመም ፍለጋ ወደ እኛ ይጎርፋል። የሚያስመስሉም አይጠፉም። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ በቅሎ ሲራገጥ የአልጋችንን ግርጌ ሰብሮታል፤ ጭንቅላቱ ላይ የለጠፍኩት ሽቦ ግን ሰውየው ከእኔ ይበልጥ ንቁ መሆኑን ይናገር ነበር። ተነሥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ እኔም ሻይ ጋበዝኩት።

ረውዳ ሸሪፍ ግን አስመሳይ አልነበረችም።

በመስከረም መጨረሻ ከባሏ ከሸምሱ ጋር መጣች። እሷ ሌሊት ሌሊት ዳቦ ፋብሪካ ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች። እሱ የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ቀን ሠርቶ ሌሊት ይተኛል። ሁለቱም አርባ ዓመት አልሞላቸውም። በር ላይ ሲገቡ አንዱ ሌላውን ቅደም ቅደሚ ሲባባሉ ቆዩ፤ አብሮ መሄድ ያልለመደ ሰው እንዲህ ያደርገዋል።

ዶክተር ሰብለ ወንበር ሰጠቻቸውና እንደ ልማዷ በቀጥታ ገባችበት።

«ምንሽን ነው የሚያምሽ?»

«ድካም ነው ዶክተር» አለች ረውዳ። «ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኝቼ ስነሣ አገር አቋርጬ በእግሬ የመጣሁ ነው የሚመስለኝ። ባቴ ይዝላል። ባለፈው ሳምንት ሊጥ ማቡኪያው ላይ ቆሜ አንቀላፋሁ። ጓደኛዬ ባትይዘኝ ኖሮ እጄን ይበላው ነበር።»

«ጋደም ስትይ እግርሽን ውርር ያደርግሻል? ካላንቀሳቀስሽው አላስተኛ ይልሻል?»

«ኧረ ምንም! ጋደም እንዳልኩ ነው ጥፍት የምለው።»

«የምትወስጅው መድኃኒት አለ?»

«የለም።»

«ታንኮራፊያለሽ?»

ረውዳ ዞራ ባሏን አየችው። ባሏም አያት። «አናውቅም» አሉ አንድ ላይ።

«ስትተኚ ያየሽ ሰው የለም?»

«እናቴ አይታኝ ይሆናል፣ ሕፃን ሳለሁ። እሷም አሁን በሕይወት የለችም።»

ዶክተር ሰብለ «ምስክር የለም» ብላ ጻፈች። በየቀኑ የምትጽፈው ነው። የዚህ ሕመም አስቸጋሪነቱ ታማሚው አለማወቁ ላይ ነው፤ እግሩ ሲወራጭ ባለቤቱ ተኝቷል። ድሮ የሚያውቀው አጠገቡ የሚተኛው ሰው ነበር፤ ጠዋት ተነሥቶ «ስትረግጠኝ አደርክ» ብሎ የሚያማርረው። የድሮ ሐኪሞች ግማሹን ምርመራ ያገኙት ከሚስቶች ወቀሳ ነው ትላለች ዶክተር ሰብለ። ዛሬ ማን ማንን ረገጠ ብሎ ይውቀስ?

ሸምሱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዶክተር፣ እኔ ስትተኛ አላየኋትም፤ አንሶላውን ግን አውቀዋለሁ» አለ። «ማታ ለርክክብ ስገባ ሁሌ ግርጌ ተጠቅልሎ ነው የማገኘው። ተረከዟ የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ ይቀደዳል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስነጫነጭባት ኖርኩ። ‹አልጋ ማንጠፍ ያላስተማረችሽ እናት› እላት ነበር።»

«የሞተችውን እናቴን!» አለች ረውዳ።

«አዎ፣ ብያለሁ። አሁን አፍራለሁ።»

«እኔስ? ‹ሰርቪሱ እየጮኸብኝ አንሶላ ላንጥፍልህ?› እያልኩ ስመልስልህ ኖርኩ አይደል? ተኝቼ የምረግጠው እኔ መሆኔን መች አውቄ።» ጫማዋን አወለቀችና የቀኝ እግሯን አውራ ጣት አሳየችን፤ ጥፍሩ ጠቁሯል። ግድግዳው ነው ያጠቆረው፣ እሷ ግን የፋብሪካ ጫማ ነው ብላ ሦስት ጊዜ አስቀይራለች።

ደሟ ተወሰደ፤ ብረቱ ትንሽ አንሶ ተገኘ። ዶክተር ሰብለ ይህን ስታይ ቅንድቧ ተነሣ፤ ብረት ያነሰው ሰው እግሩ ይወራጫልና። ከዚያ ሕጉን ነገረቻቸው። ምርመራው አንድ እንቅልፍ ብቻ ነው። የትዳር ጓደኛ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ይመሰክራል፣ በመጨረሻ ይፈርማል። ጠቅላላው መወራጨት ለተኛችበት ሰዓት ይካፈላል። በሰዓት ከአሥራ አምስት ጊዜ በላይ ከሆነ ሕመምተኛ ናት። አሥራ አምስትና ከዚያ በታች ከሆነ እግሯ እንደ ማንም እግር ነው፤ ሁለተኛ ለመመርመር ሰባት ዓመት መጠበቅ አለባት።

ኮሪደሩ ላይ ሸምሱ ተከትሎኝ መጣ። ግራና ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሲስተር፣ ምን ባበላት ይበዛል?»

«ምኑ?»

«መወራጨቱ ነዋ።»

ሳቄ መጣ። «ምንም። ብቻ ጉበት አታብላት፣ ብረቱን ይሞላባታል።»

«ጉበት? እሱን እኮ የምናየው ለዒድ ነው» አለና እሱም ሳቀ። ባይስቅ ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ ሰውዬው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጉዳዩን ጉዳዬ አድርጎብኛል።

ጥቅምት ስምንት ቀን ጠዋት፣ ከሌሊት ሥራዋ በቀጥታ መጣች። ሸምሱ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ወስዷል። እሱ ውጪ ሲጠብቅ እኔ ሽቦ ስለጥፍላት ቆየሁ፤ ጭንቅላቷ ላይ፣ ዓይኖቿ ጥግ፣ አገጯ ላይ፣ አፍንጫዋ ሥር፣ በመጨረሻም በሁለቱም ቅልጥሞቿ ላይ። ዱቄት ዱቄት ትሸታለች። ጸጉሯን ስከፍል ድንገት ጠየቀችኝ።

«ሲስተር፣ ባለትዳር ነዎት?»

«ነበርኩ።»

«ይቅርታ። እኔ የጋራ ፈረቃ የምፈልገው ለምን እንደሆነ ያውቃሉ? ሰዎች ሌላ ነገር ይመስላቸዋል። እኔ ስነቃ አጠገቤ ሰው እንዲኖር ነው የምፈልገው። ሁሌ ስነቃ ግድግዳ ነው የማየው። ሸምሱ እንዴት እንደሚተኛ እንኳ አላውቅም። አፉን ይከፍት ይሆን? በጎኑ ይሆን በጀርባው? የባሌን ይህን አለማወቅ ነውር አይደል?»

ነውሩ የሷ እንዳልሆነ ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ግን እጄ ላይ ሙጫ ነበረ፣ ሰዓቱም ደርሷል። «አይዞሽ፣ ዛሬ እንጨርሰዋለን» ብዬ አስተኛኋት።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጋረጃው ተዘጋ። ሸምሱ አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ነኝ፤ እሱ አያየኝም፣ እኔ አየዋለሁ። በዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ ተኛች።

ለግማሽ ሰዓት ያህል ምንም አልነበረም። ከዚያ የቀኝ እግሯ አውራ ጣት ወደ ላይ ተነሣ፤ ቁርጭምጭሚቷ ታጠፈ፣ ጉልበቷ ትንሽ ሰበር አለና ተመልሶ ተዘረጋ። ሁለት ሰኮንድ ቢሆን ነው። ሃያ ስድስት ሰኮንድ ጸጥ ካለ በኋላ እንደገና መጣ፣ ከሃያ ሰባት ሰኮንድ በኋላም እንደገና። አንድ ጊዜ መወራጨት ሕልም ሊሆን ይችላል። አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ተከታትሎ፣ ልክ ቀጠሮ እንዳለው ሰው ሰዓቱን እየጠበቀ ሲመጣ ነው መቁጠር የምጀምረው። ትንፋሿን አየሁ፤ አልተቆራረጠም። ትንፋሽ ሲቆረጥ የሚመጣ መወራጨት ሌላ ሕመም ነው፣ አይቆጠርም። የሷ ንጹሕ ነበር። አቤት ንጽሕናው! በአሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ያለ ከመጽሐፍ የወጣ የሚመስል እግር አላየሁም።

ሸምሱ በጣቶቹ ይቆጥራል። አሥር ሲሞላ አንድ እጁን ጨብጦ ጉልበቱ ላይ ያኖራል። ሃያ ሲደርስ ወደ መስታወቱ ዞሮ እኔ ወዳለሁበት ፈገግ አለ፤ እንደማያየኝ እያወቀ። እኔም ፈገግ አልኩለት። በተኛች በአንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ውስጥ ሃምሳ ሁለት ጊዜ ተወራጨች። በዚህ ከቀጠለ ነገሩ አልቋል ብዬ ሻይ ቀዳሁ።

ሻይዬን ይዤ ስመለስ ሸምሱ መቁጠር ትቶ ነበር።

የሚያየው እግሯን አልነበረም፣ ፊቷን ነው። እግሯ በተወራጨ ቁጥር ግንባሯ ይቋጠራል፤ አፏ ትንሽ ይከፈታል፣ በስሟ የተጠራች ያህል ልትነቃ ትልና ሳትነቃ ትመለሳለች። ይኼን እኔ በየቀኑ የማየው በመስመር ነው። በሽቦው በኩል እያንዳንዷ ንቃት ትንሽ ጥርስ ሆና ወረቀት ላይ ትታየኛለች። እሱ ያየው ግን የሚስቱን ፊት ነው። በቀን ሁለት ግማሽ ሰዓት ብቻ የሚያውቀውን ፊት፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በየደቂቃው ሲቀሰቀስ እንደኖረ አየ።

«አይዞሽ» ሲል ማይክራፎኑ ያዘው። «አይዞሽ፣ ረውዲ።»

ከዚያ ወንበሩን ወደ ግርጌ ሳበና ሁለት እግሮቿን በሁለት እጆቹ ያዘ። አጥብቆ አልነበረም፤ ከሽቦዎቹ በታች፣ ሰው የቀዘቀዘ ሕፃን እግር እንደሚያሞቅ አድርጎ ነው የያዘው።

መስመሩ ጸጥ አለ።

መመሪያችን አርባ ሁለት ገጽ ነው። ምስክሩ ቢተኛ ምን እንደሚደረግ ይናገራል፤ ስልክ ቢያነሣ፣ ምግብ ቢበላ፣ ክፍሉን ጥሎ ቢወጣ ምን እንደሚደረግ ይናገራል። ሚስቱን ቢነካ ግን ምንም አይልም። የጻፉት ሰዎች አላሰቡትም።

መጀመሪያ አልደነገጥኩም። እኔ የምቆጥረው የጡንቻውን ምልክት እንጂ እግሩ ሲሄድ አይደለም፤ እጅ ደግሞ ጡንቻን ዝም አያሰኝም ብዬ አሰብኩ። አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። ጡንቻው ዝም አለ። ፊቷን አየሁት፤ ግንባሯ ተፈቷል። የጭንቅላቷ መስመር ወርዶ ወርዶ በዚያ ጠዋት ደርሶበት ወደማያውቀው ጥልቅ እንቅልፍ ገባ።

ጠረጴዛዬ ላይ አረንጓዴ ቁልፍ አለች። ስጫናት ድምፄ ክፍሉ ውስጥ ይሰማል። «ሸምሱ፣ እጅህን አንሣ» ለማለት ሦስት ቃል ይበቃኝ ነበር። ለአደጋ ካልሆነ በስተቀር ምስክርን ማናገር ክልክል ነው፤ እኔ ግን ከዚህ በፊት ከዚህ ላነሰ ነገር ተጭኛታለሁ፣ አንዱን አዛውንት «አባባ፣ ጫማዎን ያውልቁ» ለማለት። ስለዚህ ሕጉ ከለከለኝ ብዬ አልዋሽም።

እኔም ባል ነበረኝ፤ ተካልኝ ይባላል። እሱ ቀን፣ እኔ ሌሊት ነበር የምንተኛው። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር ዓይኑን ጨፍኖ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ማታ ለርክክብ ገብቼ ተነሥ ብለው አልነሣም ባለኝ ቀን። ልብ ነው አሉ፣ እኩለ ቀን ላይ። አልጋው ላይ ተቀምጬ እግሩን ያዝኩት። ቀዝቅዞ ነበር።

እና ያንን ሰው እጅህን አንሣ ማለት አቃተኝ። እውነቱ ይኼ ነው። ቁልፏ ላይ ጣቴን አድርጌ ከሦስት ሰዓት በላይ አየኋቸው። አልፎ አልፎ እሱን እንቅልፍ ሲያዳፋው እጁ ይላላል፣ ያኔ እግሯ ይወራጫል፤ እሱም ደንገጥ ብሎ ይይዛታል። እነዚህን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ቆጠርኩ። ያኔ ሒሳቡን አልሠራሁም። ልሠራው አልፈለግሁም።

ልትነቃ ስትል እጁን አነሣና ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ፤ የሰው ዕቃ ሲነካ ሊያዝ እንደተቃረበ ሰው ተቻኩሎ ነው የመለሰው። ገብቼ ሽቦውን ስፈታላት ረውዳ ዓይኗ በርቶ ነበር።

«እንዴት ነው? ተወራጨሁ?»

«ሃምሳ ድረስ ቆጥሬ ነው የተውኩት!» አላት ሸምሱ።

«ሲስተር፣ ደግሞ የሚገርመው ዛሬ እንዴት ያለ እንቅልፍ ተኛሁ መሰለዎት! እንዲህ ተኝቼ አላውቅም። ሰውነቴ ቀለለኝ።»

«ጎሽ» አልኳት። ሸምሱ ፈረመ፣ እየሳቁ ወጡ።

የተኛችው ልክ አምስት ሰዓት ነው። ሃምሳ ሁለትና አሥራ ዘጠኝ፣ ሰባ አንድ። ለአምስት ሲካፈል አሥራ አራት ነጥብ ሁለት። አምስት ጊዜ ብቻ ብትጨምር ኖሮ ታምማ ነበር።

ዶክተር ሰብለ ወረቀቱን ዘርግታ ጣቷን መስመሩ ጸጥ ያለበት ቦታ ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ጋ ምን ሆነ?»

ነገርኳት። ስለ ቁልፏም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች።

«የመጀመሪያውን ሁለት ሰዓት ብቻ ብንወስድስ?» አልኳት።

«ሕጉ እንቅልፉን በሙሉ ነው የሚለው። አንቺም ታውቂዋለሽ።»

«አውቃለሁ።»

በዚያው ዕለት ለፈረቃ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጻፈች። ረዥም ደብዳቤ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን ባሏ እግሯን ሲይዛት ሕመሟ ይተዋታል፣ ስለዚህ መድኃኒቷ ባሏ ነው፣ ይታዘዝላት የሚል ነው። ሐኪም በሆነችበት ሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ማዘዣ ጽፋ እንደማታውቅም ጨመረችበት። መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ። «አመልካቿ ሕመምተኛ ሆና አልተገኘችም። ሕመምተኛ ላልሆነ ሰው መድኃኒት አይታዘዝም። ከሰላምታ ጋር።» ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ስሕተት የለውም። የሚያናድደውም ይኼው ነው።

ጥቅምት አሥራ አራት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጠራናቸው። ከርክክባቸው በፊት ያለ ሰዓት ነው፤ ከእኛ ወጥተው እሷ ወደ ሥራ፣ እሱ ወደ አልጋ ይሄዳሉ። ረውዳ አዲስ ሻሽ አስራለች። ሸምሱ የሥራ ልብሱን ቀይሮ መጥቷል።

ዶክተር ሰብለ ክፉ ወሬ ማስረዘም አትወድም። «አሥራ አራት ነጥብ ሁለት» አለች። «አላለፈም። የብረት ክኒን እሰጥሻለሁ፣ ድካሙን ትንሽ ይቀንስልሻል። የጋራ ፈረቃ ግን አልተፈቀደም። ደብዳቤም ጽፌ ነበር፣ አልሆነም።»

«ይቅርታ ዶክተር» አለ ሸምሱ። «የሌላ ሰው ወረቀት ይሆናል እንጂ የሷ አይደለም። እኔ በእጄ ቆጥሬአለሁ እኮ! በሁለት ሰዓት ሃምሳ ሞልቷል።»

«እውነትህን ነው፣ ሞልቷል።»

«እና ለምን ቀነሰ?» አለች ረውዳ።

ሸምሱ አፉን ሊከፍት አለና እጆቹን አየ። ሁለቱንም ገልበጥ አድርጎ ካያቸው በኋላ ጉልበቶቹ መሃል ደበቃቸው።

«እኔ ነኝ» አለ። «እግርሽን ይዤ ነበር።»

«እኔም ነኝ» አልኩ። «ልቀቃት ልለው እችል ነበር። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። እያየሁ ዝም አልኩ። ይቅር በይኝ።»

ረውዳ እኔን አልሰማችኝም። የምታየው ባሏን ነበር።

«ለምን ያዝከኝ?»

«ፊትሽን ብታዪው... » አለና ተቋረጠ። «በየደቂቃው ይቀሰቅስሽ ነበር፣ ረውዳ። ልትነቂ ትይና መልሰሽ ትተኛለሽ፤ ልትነቂ ትይና መልሰሽ ትተኛለሽ። ቁጭ ብዬ ሃምሳ ብዬ ደስ ሲለኝ ራሴን ጠላሁት። አላስችል አለኝ። ትንሽ ትረፍ ብዬ ነው።»

«ስንት ሰዓት ያዝከኝ?»

ሸምሱ አላወቀውም። «ከሦስት ሰዓት በላይ» አልኳት እኔ።

«ሦስት ሰዓት» አለች። እንባዋ ወረደ። «አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ግማሽ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ሲደርሰኝ ኖሬ፣ አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ቢይዘኝ ተኝቼ አመለጠኝ? ምነው ብትቀሰቅሰኝ፣ ሸምሱ?»

«ደስ ብሎሽ ተኝተሽ ነበር» አለ።

ዶክተር ሰብለ ወደ መስኮቱ ዞረች። ውጪ የቀን ተኞች መጋረጃ እየተገለጠ ነበር። የሸምሱ ስልክ የመኝታ ጥሪውን ጮኸ፤ አርባ ደቂቃ አለው፣ አልጋው ላይ ካልተገኘ ከፈረቃው ቀረ ተብሎ ይጻፍበታል። ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ መልሶ ተነሣ። ረውዳ ሻሿን ፈታ ዓይኗን ጠረገችበትና ኮሌታውን አስተካከለችለት።

«ሂድ፣ ተኛ። ደክሞሃል» አለችው። «ዛሬ አንሶላውን አንጥፌልሃለሁ።»

እሱ ሲወጣ በሩ ላይ ቅደም የሚለው ሰው አልነበረም።

እሷን ወደ እኔ ጠረጴዛ ወሰድኳት። ያላለፈ ሰው ለሚቀጥለው ምርመራ ወዲያው መመዝገብ አለበት፤ አለዚያ ወረፋው ወደ አሥር ዓመት ይሄዳል። መዝገቡን ከፍቼ ጥቅምት ሁለት ሺህ ዘጠና ሦስት የሚለው ሥር ስሟን መጻፍ ጀመርኩ። ያኔ እጁን ከወንበሩ ጋር አስረን እናስቀምጠዋለን ብዬ ልቀልድ ፈልጌ ተውኩት።

ረውዳ እጇን መዝገቡ ላይ አሳረፈች።

«ይተዉት ሲስተር። አይመዝግቡኝ።»

«እንዴት? ሰባት ዓመት እኮ ሩቅ ይመስላል እንጂ ይደርሳል። እኔ ባልኖር ሌላ ሰው ይኖራል። ለሱም አስቀድመን እንነግረዋለን፤ እንዳትነካት እንለዋለን። አሁን ያውቃል አይደል?»

«ያውቃል» አለች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ እርጥብ ሻሿን መልሳ አሰረች። «ሸምሱን ግን እርስዎ አያውቁትም። ያኔም ይይዘኛል።»